መብራት ሦስቴ ብልጭ ሲል

ጥቅምት 6 ቀን 2017፣ ረቡዕ

ይህን ደብተር የገዛሁት መብራት ስለሌለ ነው። ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል፤ ላፕቶፑም ስልኩም ሞተዋል። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ በኮምፒውተር ብቻ ስለጻፍኩ ብዕሩ ጣቴን እያሳመመኝ ነው፤ የእጅ ጽሕፈቴም የሐኪም ማዘዣ መስሏል።

አባቴ ደሴ ላይ የግራ ዓይናቸው ሞራ ተገፎላቸው ትናንት ከሚሴ አስገባኋቸው። ለስድስት ሳምንት ማጎንበስ፣ ከባድ ነገር ማንሳትና አቧራ ተከልክለዋል፤ ዓይናቸውም በነጭ ጋሻ ተሸፍኗል። አዲስ አበባ ላለው መሥሪያ ቤቴ «ከከሚሴ ሆኜ እሠራለሁ» ብያለሁ። መብራት በሌለበት እንዴት እንደምሠራ ማንም አልጠየቀኝም።

የልጅነት ክፍሌ እንደተውኩት ነው። መስኮቱ ዛሬም በምስማር ነው የሚዘጋው። ከጨፋ በኩል የሚነፍሰው ነፋስ የማሽላ እሸት ሽታ ይዞ ይገባል። አዲስ አበባ እያለሁ ይህን ሽታ ለማስታወስ ስንቴ ሞክሬ አልመጣልኝ ብሎ ነበር፤ ዛሬ ሳልጠራው መጣ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ትንሽ አለቀስኩ። ደስ የሚል ልቅሶ ነበር።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

መብራት መጣ። ሶኬቱን ልሰካ ስል አባ ከአልጋቸው ሆነው «ተይ ሳቢራ፣ ቁጠሪ እንጂ» አሉኝ። ረስቼው ነበር። እዚህ መብራት ሲመለስ ሦስቴ ብልጭ ብሎ ነው የሚረጋው። ከሚሴ ውስጥ ሦስተኛው ብልጭታ ሳያልፍ የሚሰካ እንግዳ ብቻ ነው።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አሉ አባ። «አሁን ስኪ።»

ስልኩ እንደነቃ አለቃዬ ጋሽ አብዱልጀሊል ደወሉ። ጨፋ ውስጥ ያለ አንድ ጤና ኬላ ሳጥኑ ቆሟል፤ «እዚያው ካለሽ እይው» አሉ። ሳጥን የምንለው ለጤና ኬላዎች የምንሠራውን ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ የሕፃናት ክትባት መዝገብ አጠገቡ ባለው ዲስክ ላይ ይቀመጣል። ሳጥኑ የራሱ ባትሪ አለው፤ ዲስኩ ግን በግድግዳ መብራት ነው የሚሠራው። ሳጥኑ ዲስኩ ሲሰካ እንዲያውቀው የሚያደርገውን ክፍል፣ ድራይቨር የሚባለውን፣ ከአራት ዓመት በፊት የጻፍኩት እኔ ነኝ።

የጤና ኬላው ሠራተኛ ማን እንደሆነች ጠየቅኳቸው። «ከውሰር የምትባል» አሉ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ብቻዬን ስስቅ ነበር።

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

ከውሰር! ሰባት ዓመት ሳንገናኝ።

በሩ ላይ ቆማ አየችኝና «አንቺ ነሽ ወይስ ጅንሽ ነው?» አለች። ከዚያ አቅፋ አልለቅም አለች። «አካም ጅርታ? አባባ ሙሳ እንዴት ናቸው? ዓይናቸው በራላቸው?» አማርኛውንም ኦሮምኛውንም አደባልቃ፣ መልስ ሳትጠብቅ፣ እንደ ድሮዋ።

ድሮ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቦርከና ዳር ከሰው ማሳ ጥንቅሽ እንሰርቅ ነበር። የምሰብረው እኔ ነኝ፤ እጄ ፈጣን ነው። የምትያዘው ሁልጊዜ እሷ። አንድ ቀን ባለማሳው ጆሮዋን ይዘው እናቷ ዘንድ ሲያደርሷት እኔ ከአጥር ኋላ ሆኜ ጥንቅሼን እያኘክኩ አያት ነበር። ዛሬ ይህን አንስተን እስክናለቅስ ሳቅን።

ስለ ሳጥኑም ብዙ ነገረችኝ። ከዓመታት በፊት የክትባት ማቀዝቀዣ ተቃጥሎባት ስለነበር መብራት ሲጠፋ ሁሉንም ትነቅል ነበር፤ ሲረጋ መልሳ ትሰካለች። መስከረም መጨረሻ ላይ ተቆጣጣሪ መጥቶ «ሳጥኑ ላይ አትንቀሉ የሚል ተለጥፎ የለም እንዴ?» ብሎ ተቆጣት። «እሺ ብዬ ተውኩት ወላሂ። በአምስተኛው ቀን ቤት ለቤት ክትባት ወጥቼ ስመለስ ቆሞ አገኘሁት» አለች። እውነቱን ለመናገር ግማሹን ነው የሰማሁት። ፊቷን እያየሁ ነበር፤ ግንባሯ ላይ ሁለት መስመር ወጥቷል፤ መቼ ወጣ?

ዲስኩን ይዤ መጣሁ። የሦስት ዓመት መዝገብ ነው፤ የአራት መቶ አስራ ሁለት ሕፃናት።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ላክሁ። ቸኩዬ ነው። አባን ለዓይን ምርመራ ላደርስ፣ ባጃጁ በር ላይ ጡሩምባ እየነፋ። ሳጥኑ የመዘገበውን አየሁ፤ ዲስኩ ሁለት መቶ አስራ አንድ ጊዜ ተነቅሏል። «ዲስኩ በተደጋጋሚ ከመነቀሉ የተነሳ ሳይጎዳ አልቀረም» ብዬ ጻፍኩ። አራት መስመር።

የአባ ዓይን ጥሩ ነው አልሐምዱሊላህ። መንገድ ላይ ጋሻውን ገለጥ እያደረጉ ሁሉንም ታፔላ እየጮሁ አነበቡልኝ።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ

ከአባ ጋር መናኸሪያ ሄድን። ሠላሳ ዓመት የበሩ ተቆጣጣሪ ነበሩ። ድሮ ከትምህርት ቤት በቀጥታ እዚያ እመጣ ነበር፤ የሚገባውን አውቶቡስ ታርጋ ሲጽፉ እርሳሱን የምስልላቸው እኔ ነበርኩ። «ደሴ! ደሴ! ባቲ የቀረው!» የሚለው ጩኸት እስካሁን በሕልሜ ይመጣል። የበሩ ጎጆ ፈርሶ በቆርቆሮ ተሠርቷል። አባ ቆርቆሮውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ወጣቱ ተቆጣጣሪ ማን እንደሆኑ አላወቃቸውም። እኔ ነኝ የተናደድኩት፤ እሳቸው ግን አልተናደዱም።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

ከውሰር ደወለች። ድምፅዋ ቀጥኗል። የዲሲፕሊን ደብዳቤ ደርሷታል፤ የመንግሥት ንብረት በቸልተኝነት አበላሽታ መዝገብ አጥፍታለች ተብላ ኅዳር 13 ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች። ከሥራ ሊያሰናብቷት ይችላሉ።

«ባለሙያ አረጋግጧል ይላል ሳቢራ። ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ። ማነው እሱ? እዚህ ሲመጣ አላየሁት።»

«አላውቅም፤ አጣራለሁ» አልኳት።

«አላውቅም» ለምን እንዳልኩ አላውቅም። አፌ ቀደመኝ። «ሳይጎዳ አልቀረም» እኮ «አረጋግጧል» ማለት አይደለም፤ ግምት ነው። ይህን ለኮሚቴው በቀላሉ ማስረዳት ይቻላል። ደግሞስ መንቀሏ እውነት ጎድቶት ከሆነ?

ጥቅምት 22፣ ዓርብ

ዲስኩ ጤነኛ ነው። ምንም አልተጎዳም። የተበላሸው መዝገቡ ነው፤ ሲጻፍ መሐል ላይ ተቋርጦ።

ታዲያ ሳጥኑ ለምን እንዲህ ደርቆ ቆመ?

ጥቅምት 24፣ እሑድ

አገኘሁት።

ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁትን ትርፍ ሳጥን አውጥቼ ዲስኩን ከግድግዳ ሶኬት ጋር አያያዝኩትና ማብሪያ ማጥፊያውን እንደ ከሚሴ መብራት ሦስቴ አበራሁ አጠፋሁ። ሳጥኑ ደርቆ ቀረ። ደገምኩ። ደረቀ። ሰባት ጊዜ ሞክሬ ስድስቱን ደረቀ። ነቅዬ ጠብቄ ከረጋ በኋላ ስሰካው ግን አንዴም አልደረቀም።

ከዚያ ኮዱን ከፈትኩ። የራሴን ኮድ። ምን እንደማገኝ ሳልከፍተው በፊት ሆዴ ነግሮኝ ነበር።

ጋሽ አብዱልጀሊል ገና ሥራ ስጀምር ያስተማሩኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፦ ዲስክ ሲሰካ ለማሽኑ ደወል ይደወላል። ማሽኑ የያዘውን ሁሉ ጥሎ ደወሉን ሊመልስ ይሮጣል። እዚያ፣ ደወሉን በሚመልስበት ቦታ፣ መጠበቅ ክልክል ነው። «ማን መጣ» ብሎ ይመዘግባል፣ ለውስጥ ሠራተኛው፣ ማለትም ለሌላው የኮዱ ክፍል፣ ያቀብላል፣ ወደ ነበረበት ይመለሳል። የውስጥ ሠራተኛው ግን እንደፈለገ መጠበቅ ይችላል፤ ዲስኩ እስኪነቃ፣ ስሙን እስኪናገር፣ ስንት እንደሚይዝ እስኪያስረዳ። «ደወል የሚመልስ አይተኛም» ይሉ ነበር፤ ጣታቸውን ቀስረው።

እኔ ደግሞ ደወል መመለሻው ላይ የሁለት ሰኮንድ መጠበቂያ አስገብቻለሁ። ዲስኮቹ ቶሎ አልነቁልኝም ነበር፤ ሳጥኖቹ በማግሥቱ መላክ ነበረባቸው። ከመስመሩ ጎን «ለጊዜው» ብዬ ጽፌያለሁ። ለጊዜው! አራት ዓመት።

አዲስ አበባ ስንፈትሸው መብራት አንዴ ይመጣና ይቆያል፤ ሁለት ሰኮንዱ ያልፋል። እዚህ ግን ማሽኑ በሩ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ሁለተኛው ብልጭታ ይደርስና ሌላ ደወል ይደወላል። ያኔ ሁሉ ነገር እንዳለ ይቆማል፤ እየተጻፈ የነበረው መዝገብም ለሁለት ይሰበራል።

ማለት፣ ከውሰር ሁለት መቶ አስራ አንድ ጊዜ በነቀለችው ቁጥር ሳጥኑን ታድነው ነበር። የሞተው መንቀል ስትተው ነው። «አትንቀሉ» የሚለውንም ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልጅ ሆኜ ሦስት መቁጠር የለመድኩ የከሚሴ ልጅ!

ነገ እነግራታለሁ።

ጥቅምት 25፣ ሰኞ

አልነገርኳትም። መጀመሪያ ማስተካከያውን ልሥራ። ባዶ እጄን ሄጄ «ጥፋቱ የኔ ነው» ብላት ምን ይጠቅማታል? መፍትሔውን ይዤ ስሄድ ለኮሚቴውም ያሳምናል።

አባ ፊቴን አይተው «ምን ሆነሽ ነው ኢንታላ ኮ፣ ልጄ?» አሉ። የሥራ ችግር ነው አልኳቸው። እንደዋዛ በመናኸሪያ አስመስዬ አስረዳኋቸው፤ የበሩ ሰው ታርጋ ጽፎ ለውስጥ ሰው ማቀበል ሲገባው ጭነት ላራግፍ ብሎ ከበሩ ሄደ፤ ሌላ አውቶቡስ መጣ አልኳቸው።

ገና ሳልጨርስ ገባቸው። «አይ! በሩ ላይ ይገጫል። ኋላ ያለውም ይቆማል፣ መንገዱም ይዘጋል። አንድ ጊዜ ሆኖ ያውቃል፤ የደሴ መንገድ እስከ ዐሥር ሰዓት ድረስ ተዘጋ።» ከዚያ ጤነኛ ዓይናቸውን አዞሩብኝ። «ማነው በሩን ትቶ የሄደ?»

«አንድ ሰው ነው አባ። ከአራት ዓመት በፊት።»

«ተናግሯል?»

«ሊናገር ነው።»

«ሳይቃጠል በቅጠል ነው» አሉና መቁጠሪያቸውን ያዙ።

ጥቅምት 27፣ ረቡዕ

ከውሰር ቤት ሄድኩ። ልነግራት። ምሳ አቀረበች፤ ከጎረቤቷ ከአሻ ጋር አብረን በላን። አሻ የሦስት ልጆች እናት ናት፤ የልጆቿን የክትባት ካርድ በፕላስቲክ ጠቅልላ ይዛ መጥታለች። ከውሰር የጠፋውን መዝገብ ከእናቶች ካርድ ላይ በእጇ እየገለበጠች ነው፤ ቤት ለቤት እየዞረች፣ በገዛ ደብተሯ።

አሻ «እሷ ባትኖር የኔ ሁለተኛው ልጅ ኩፍኝ ያልፈው ነበር?» አለችኝ። «ማታ ወንዙ ሞልቶ ተሻግራ መጥታ ነው ያየችው። አሁን እሷን ነው የሚያባርሩ?»

በሰው ፊት አይሆንም ብዬ ተውኩት።

ኅዳር 2፣ ሰኞ

ማስተካከያው አለቀ። ደወል መላሹ አሁን «ሰው መጥቷል» ብሎ ብቻ ጽፎ ይመለሳል። መጠበቁ ወደ ውስጥ ሠራተኛው ሄዷል። አርባ መስመር አይሞላም፤ ያኔ አንድ ቀን ብታገሥ ኖሮ ይህን መጻፍ እችል ነበር።

አባ ፈተሹልኝ። ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸው ላይ ያ ነጭ ጋሻ እንዳለ፣ ማብሪያውን ይዘው «አንድ! ሁለት! ሦስት!» እያሉ። ሃምሳ ጊዜ። አንዴም አልደረቀም። አባ በጣም ተደሰቱ፤ በር ላይ የተመለሱ መሰላቸው።

ከሰዓት ከውሰር ዘንድ ሄድኩ። ምሳ ሳትበዪ አትሄጂም አለች፤ በላሁ። የድሮ መምህራኖቻችንን አነሳን፤ ሒሳብ አስተማሪያችን ጠመኔ ሲወረውር። ደግሞ በአንድ ፋኖስ ስናጠና የሷ ፀጉር ጫፉ የተቃጠለ ቀን። እንዲህ ስትስቅ እንዴት ነው የምነግራት? ቀኑ ደስ የሚል ሆኖ አለፈ። ማበላሸት አልፈለግኩም።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

ሁለት ሌሎች ሳጥኖች ባለፈው ዓመት እንደዚሁ ሞተው «የዲስክ ብልሽት» ተብለው እንደተቀየሩ አሁን ታወሰኝ። ማን ነው ብልሽት ያላቸው? እኔ።

እንቅልፍ የለም።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

ለጋሽ አብዱልጀሊል ነገርኳቸው። ሁሉንም፤ «ለጊዜው» የሚለውን ቃል ጭምር። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አሉ። «እኔም አልፈተሽኩትም። ፈርሜበታለሁ።» ከዚያ ማስተካከያውን ለሁሉም ሳጥን እንደሚልኩ፣ ለድርጅቱ እሳቸው ራሳቸው እንደሚያስረዱ ነገሩኝ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት፤ ሳይቆጡኝ ሲቀሩ ባሰብኝ።

«ወረዳው ላለችው ልጅስ?» አሉ።

«እኔ ሪፖርቱን አርማለሁ።»

«ዛሬ?»

«ኢንሻአላህ።»

ዛሬ ከውሰር ቤት ሄጄ ነበር። እናቷ ታመውባት አገኘኋት። በዚህ ላይ እንዴት ብዬ? ምሳ በልቼ ተመለስኩ። ስወጣ እስከ መንገዱ ሸኘችኝና «አንቺ መምጣትሽ ነው ያቆመኝ» አለች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ስንት ማደር እንደሚያስፈልግ ግን ተረቱ አይናገርም።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ከተሰበረው መዝገብ የሁለት መቶ ስድሳ ሕፃናትን አወጣሁ። ቀሪው በከውሰር ደብተር ላይ አለ። ሁለቱን ብናጋጥም ሙሉ ይሆናል። ይህም አንድ ነገር ነው። ይህን ይዤ ብሄድ ይሻላል።

ሰንበቴ ገበያ የሄደ ወዳጃቸው ለአባ ብርቱካን አመጣላቸው። እየላጡ አንድ በአንድ ይሰጡኛል፤ ልክ የስድስት ዓመት ልጅ እንደሆንኩ። እምቢ አላልኩም።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ዛሬ አይቀርም ብዬ ሄድኩ። ቢስሚላህ ብዬ ነው በሩን የገፋሁት።

ከውሰር ለኮሚቴው የምታቀርበውን ጽሑፍ እያዘጋጀች ነበር። አንብቢልኝ አለችኝ። «ሳጥኑን መንቀሌ ስህተት እንደነበር አምናለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የልጆች እናት ነኝና ታዝኑልኝ ዘንድ...» ይላል።

«እንዴት ታምኛለሽ? ሳታጠፊ!» አልኩ። ድምፄ ከፍ አለ።

«ምን ላርግ? ባለሙያው አረጋግጧል። ከባለሙያ ጋር ተከራክሬ ነው የማሸንፍ?» አለች። «ካመንኩ ወደ ሌላ ጤና ኬላ ያዛውሩኝ ይሆናል። ካላመንኩ ያባርሩኛል። አቶ ጀይሉ ናቸው እንዲህ ያሉኝ፤ ሰብሳቢው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሚያዝኑልኝ ይመስለኛል።»

ያኔ ነበር መናገር። አፌን ከፍቼ ነበር። «አትስጪያቸው ይህን ወረቀት» ብቻ ነው የወጣኝ። «ለምን?» አለች። «ዝም ብለሽ አትስጪ፤ እኔ አብሬሽ እመጣለሁ» አልኳት። አቀፈችኝ። አቀፈችኝ!

ምሳም በላሁ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ደብዳቤውን ጻፍኩ። ስድስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። በመጀመሪያው ላይ «የአሠራር ክፍተት» ይላል። በሁለተኛው «የቴክኒክ ችግር ታይቷል»፤ ራሱን ችሎ የታየ ይመስል። በስድስተኛው «እኔ ሳቢራ ሙሳ» ብዬ ጀመርኩ፤ ከዚያ በኋላ በአንድ ትንፋሽ አለቀ።

አባ አነበቡት። ጋሻውን ገለጥ አድርገው፣ በአዲሱ ዓይናቸው፣ ወረቀቱን ራቅ አድርገው። «በሩን ትተሽ የሄድሽው አንቺ ነሽ ማለት ነው» አሉ።

«አዎ አባ።»

«አውቄ ነበር» አሉና ወረቀቱን መለሱልኝ። «አንብቤ ሳይሆን፣ መብላት ተውሽ።»

ኅዳር 13፣ ዓርብ

ኮሚቴው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተቀመጠ። አምስት ሰዎች፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ። ከውሰር በአንድ ወገን ለብቻዋ፤ ነጭ ሻርፕዋን አጥብቃ አስራ። እኔ ከኋላዋ።

አቶ ጀይሉ ክሱን አነበቡ። የኔ አራት መስመር ውስጡ ነበረ፤ ቃል በቃል። በሰው አፍ ስሰማው ሌላ ሰው የጻፈው መሰለኝ፤ እርግጠኛና ቀዝቃዛ ሰው።

ተነስቼ ደብዳቤዬን አነበብኩ። ብልጭታውን፣ ደወሉን፣ ሁለት ሰኮንዱን። መንቀሏ ሳጥኑን ሦስት ዓመት እንዳቆየው። የወጣውን መዝገብ አስረከብኩ። እንዳይገባቸው ፈርቼ ነበር፤ ግን ከመሐላቸው አንዷ ሴት «እኛስ ቤት ፍሪጅ እንዲህ አይደል የምናደርግ? ማነው ሳይረጋ የሚሰካ?» አለች። ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

አቶ ጀይሉ የመጀመሪያውን ሪፖርት በጣታቸው ነካ አደረጉ። «ታዲያ ይህን የጻፈው ባለሙያ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ከውሰር ዞር አላለችም። ከኋላ የማየው ሻርፕዋን ብቻ ነው። ሻርፑ አልተንቀሳቀሰም።

ክሱ ተነሳ። ደብዳቤ ይጻፍላት፣ ሥራዋ ላይ ትቀጥል ተባለ። አቶ ጀይሉ እጇን ጨብጠው «አብሽሪ ልጄ፣ አይዞሽ» አሏት። አመሰገነቻቸውና ወጣች። ስወጣ በሩ ላይ አልነበረችም፤ መንገዱም ላይ፣ ባጃጅ ተራውም ጋ። ስልኳን አላነሳችም።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

አላነሳችም።

ኅዳር 15፣ እሑድ

አላነሳችም። አባ የዓይናቸው ጋሻ ተነሳላቸው። የሁለት ዓይን ሰው ሆነው ግቢውን ሲዞሩ ዋሉ። ከነገ ወዲያ አዲስ አበባ መመለስ አለብኝ።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ጤና ኬላው ሄድኩ። ሰኞ የክትባት ቀን ነው። የተስተካከለውን ሳጥን ይዤ ነበር፤ ያለ ምክንያት መሄድ አልቻልኩም።

እናቶቹ ገና መሰብሰባቸው ነው። ከውሰር ሳጥኑን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። አልሰካችውም። ውጪ ወጥታ ከግድግዳው ጥላ ስር ቆመች፤ ተከትያት ወጣሁ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «ስለ ጥፋቱ አይደለም። ሰው ይሳሳታል፤ እኔም የአንዱን ሕፃን ካርድ በሌላው ቀይሬ አውቃለሁ፤ አላህ ሸፈነኝ። ከታወቀሽ ጀምሮ ስንት ቀን ሆነሽ?»

«ሦስት ቀን» ብላት ታምነኝ ነበር። «ሳምንት» ብላትም ታምነኝ ነበር። ቀኑን በትክክል የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም፤ ይህ ደብተር ብቻ ነው።

«እስከ ዓርብ አስራ ዘጠኝ» አልኳት።

በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች። ቀኖቹን የምትቆጥር መስሎኝ ነበር። አራተኛው ጣቷ ላይ አቆመች።

«አራት ጊዜ መጥተሻል» አለች። «አራቴም ምሳ በልተሻል።»

«አዎ።»

«የመጨረሻ ቀን ሽሮው ጨው በዝቶበታል ብለሽኝ ነበር።»

ብዬ ነበር። ያን ቀን ያንን ማለቴን እዚህ ደብተር ላይ እንኳ አልጻፍኩትም።

ፊቷን በሻርፕዋ ጫፍ ጠረገችና ወደ ውስጥ ተመለሰች። የመጀመሪያዋን እናት በስሟ ጠራች። ሕፃን አለቀሰ። ግቢ አላለችኝም፤ ሂጂም አላለችኝ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ስምንት እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ጫፍ ላይ ያለችው አሻ ነበረች፤ አየችኝና ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ። ዘጠነኛ ሆኜ ተቀመጥኩ።